ከውጤት ወደ ምክንያት

ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ትጓዝ የነበረች የአንዲት አሮጌ መኪና መሪ ጣርማ በር ሊደረስ ሲል በድንገት ከበደ። ተሳፋሪዎቹ «የመሪው ፓምፕ ተበላሽቷል» አሉ። ሹፌሩ ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ጥጉን ይዞ ቆመ። በመጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ተመለከተ፤ ነፋሳቸው ሙሉ ነበር። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን ከፈተ፤ የመሪው ዘይት ከምልክቱ አልጎደለም፤ ከቱቦዎቹም የሚፈስ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ ቢመለከት ተበጥሶ አገኘው። ፓምፑ ካልዞረ ዘይቱ ግፊት አያገኝም፤ ዘይቱ ግፊት ካላገኘ መሪው በክንድ ጉልበት ብቻ ይዞራል። ስለዚህ መሪው የከበደው ፓምፑ ስለ ተበላሸ ሳይሆን ቺንጋው ስለ ተበጠሰ ነው። ሹፌሩም ቁልቁለቱን አልወረደም፤ አዲስ ቺንጋ እስኪመጣለት በዚያው ጠበቀ።

ማስተዋል፦ አንድ ውጤት ብዙ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉ። ግምት ምክንያት የሚሆነው ሲፈተን ነው። ሹፌሩ አንዱን ምክንያት ፈትሾ ሳይጥል ወደ ሌላው አልተሻገረም፤ ጸሐፊም እንዲሁ ያደርጋል። «ስለ» ከግሥ ጋር ሲገባ ምክንያትን፣ «ስለዚህ» ውጤትን፣ «ካል-» ደግሞ አሉታዊ ሁኔታን ያመለክታል።

መልመጃ
ሀ. እነዚህ ቃላት የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ከአንቀጹ አውጡ።
ለ. ከፊት ጎማዎቹ የአንዱ ነፋስ ጎድሎ ቢሆን ኖሮ ሹፌሩ ምን ይደመድም ነበር? ፓምፑን ቢለውጥስ ምን ያተርፍ ነበር?
ሐ. «የቤታችን መብራት በድንገት ጠፋ» በሚል መነሻ ሦስት ምክንያቶችን በቅደም ተከተል የሚፈትሽ አንድ አንቀጽ ጻፉ።