ቁልፍ እንደ ሥራ ድርሻ

ባለፈው ክረምት ሥራ እንድለማመድ አጎቴ በሶዶ ከተማ ወደሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ወሰዱኝ። አንድ ቀን ፕሪንተሩ አላትም አለና ምክንያቱን እንድፈልግ ታዘዝሁ። በራሴ ስም ለመግባት ፈቃድ ስላልነበረኝ አጎቴ የይለፍ ቃላቸውን አዋሱኝ።

ኮምፒዩተር ማን እንደ ገባ፣ ምን እንደ ከፈተና ምን እንደ ተበላሸ ከነሰዓቱ ይጽፋል። ይህ መዝገብ ሎግ ይባላል። መስመሩ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ በመፈለጊያ ሶፍትዌር እንጂ በዓይን አይዘለቅም። እኔም «ፕሪንተር» ብዬ ብፈልግ ከብልሽት መዝገቡ ምክንያቱ ተገኘ፤ ነገር ግን ከታተሙት ሰነዶች መዝገብ የአንዲት ጎረቤታችን ስምና ያቀረቡት አቤቱታ ርእስ አብሮ ወጣ።

አፈርሁ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን መዝገቡ ፈላጊ አድርጎ የጻፈው የአጎቴን ስም መሆኑ ነው። ምሥጢሩ ቢወጣ ተጠያቂው እሳቸው በሆኑ ነበር።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? እ. ኤ. አ. በ1992 ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ አሜሪካውያን ፈቃድ ለግለሰብ ሳይሆን ለሥራ ድርሻ እንዲሰጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤

1ኛ/ የሥራ ድርሻው ይሰየማል።
2ኛ/ ድርሻው የትኛውን መዝገብ እንደሚያይ ይወሰናል።
3ኛ/ ሰው በድርሻው ይመደባል፤ ሥራ ሲለውጥም ቁልፉን ለሥራው ትቶ ይሄዳል።

ለምሳሌ ኢላስቲክሰርች በተባለው ሶፍትዌር «ጠጋኝ» የሚባል ድርሻ አውጥቶ የብልሽት መዝገብን ብቻ እንዲያነብ፣ አንዳችም እንዳይሰርዝ ማድረግ ይቻላል። እ. ኤ. አ. ከ2019 ወዲህ ይህን ለማድረግ ክፍያ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ትንሽ ድርሻ ቢኖረኝ ኖሮ የጎረቤታችንን ጉዳይ ባላየሁ፣ አጎቴም ስማቸውን ባላዋሱኝ ነበር። ሆኖም የይለፍ ቃል ከተዋዋሱት ድርሻ መክፈሉ ከንቱ ነው።

ያየሁትን ለአጎቴ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጄ» ብለው በዚያው ቀን የይለፍ ቃላቸውን ለወጡ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ሶዶ ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗ የብዙ ሰው ጉዳይ በከተማችን ይመዘገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ነገ መዝገብ ጠባቂዎቹ እኛ ነንና፣ ለሥራችን የሚበቃንን ቁልፍ ብቻ መያዝን ከአሁኑ እንልመድ።