ወረፋ ይሸጣል? የመዝናኛ ፓርክ ማለፊያ በሙዓመላት ሚዛን



ባለፈው የሙዓመላት ደርሳችን የኢጃራን (የኪራይና የአገልግሎት ውልን) ምዕራፍ ስንቀራ አንዲት እህታችን ጥያቄ አነሳች። አሜሪካ የሚኖሩት የአጎቷ ልጆች ቤተሰብ ይዘው ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ሊሄዱ ነው። እዚያ ተጨማሪ የከፈለ ሰው ረጅሙን ሰልፍ ትቶ በሌላ በር ይገባል። «ይህ ሐላል ነው ወይስ የሰው ሐቅ መንካት?» አለች። ግማሾቻችን «ገንዘቡ የራሱ፣ ፓርኩ የባለቤቱ፤ ምን ጥያቄ አለው?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ፀሐይ ላይ ልጅ ይዞ የቆመውን ሰው አሰብን። ሰዓቱ በክርክር ስላለቀ ነገሩን ከሥሩ አይተን እዚህ ልናቀርበው ወሰንን።

በፊቅህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ጉዳዩን በትክክል ማወቅ ይቀድማል። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስ የተባለውን አሠራር ሲጀምር አገልግሎቱ በነፃ ነበር። ጎብኚው ከማሽን ወረቀት ይወስዳል፤ ወረቀቱ ላይ የመመለሻ ሰዓት አለ፤ እስከዚያ ሌላ ቦታ ይዞራል። የመግቢያ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይህን ማድረግ ይችል ነበር። በ2021 ነፃው ቀረና ጂኒ ፕላስ የሚባል በቀን ከ15 ዶላር የሚጀምር ክፍያ መጣ። በ2024 ደግሞ ስሙ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ሆነ፤ ለአንድ ተፈላጊ መጫወቻ ብቻ የሚገዛው ሲንግል ፓስ ተባለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጣው ፕሪሚየር ፓስ ሰዓት መያዝ ሳያስፈልግ በፈለጉበት ጊዜ ያስገባል፤ ሲጀመር ዋጋው እንደ ፓርኩና እንደ ቀኑ ለአንድ ሰው ከ129 እስከ 449 ዶላር ነበር። ይህ ሁሉ ከመግቢያ ትኬቱ ሌላ ነው።

በዚህ ላይ የሆቴል እንግዶች ጥቅም አለ። በዲዝኒ ሆቴሎች ያረፈ ሰው ማለፊያውን ከ7 ቀን በፊት መያዝ ሲችል ከውጭ የሚመጣው የሚፈቀድለት ከ3 ቀን በፊት ነው። ጠዋትም ከሌላው ሕዝብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ጎረቤቱ ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ ደግሞ ከውድ ሆቴሎቹ በሦስቱ ላረፉ እንግዶች የፈጣን ሰልፍ ማለፊያውን ከክፍሉ ዋጋ ጋር ይሰጣል።

ማለፊያው መጠበቅን አያጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ያዛውረዋል። መጫወቻው በሰዓት የሚያስተናግደው ሰው የተወሰነ ነው። በሰዓት 1,000 ሰው ያጫውታል እንበል፤ 600ውን ቦታ ባለማለፊያዎች ከያዙት ለተራው ሰልፍ 400 ይቀራል። ከፊቱ 800 ሰው ቆጥሮ «ከአንድ ሰዓት በታች ነው» ያለ አባት ሁለት ሰዓት ይቆማል። ስለዚህ «ማንንም አልጎዳሁም፣ ከፍዬ ነው የገባሁት» የሚለው አባባል ቢያንስ በሒሳብ ትክክል አይደለም። ጥያቄው ይህ ጉዳት በሸሪዓ በደል (ዙልም) ይባላል ወይ ነው።

መልሱ ወረፋው የማን ነው በሚለው ላይ ይመሠረታል። ዑለማዎች «ሐቁ ሰብቅ» (የቀዳሚነት መብት) የሚሉት አለ። ማንም ወዳልያዘው ነገር ቀድሞ የደረሰ ሰው ለዚያ ነገር ይበልጥ ባለመብት እንደሆነ አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ተላልፏል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ሌላውን ከተቀመጠበት አስነስቶ እንዳይቀመጥበት መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር ዘግበዋል። ሚና ላይ ጥላ የሚሆን ቤት እንሥራልዎት ሲባሉም፣ ሚና ቀድሞ ለደረሰ ማረፊያ ነው በማለት እንዳልተቀበሉ ቲርሚዚይ አስፍረዋል። (ዛሬ ሚና ላይ ለጀመራት የቀረበው ድንኳን ከራቀው ይበልጥ መወደዱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ አንድ ቀን እንመለስበታለን።)

እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት ስለ ጋራ ነገር ነው፤ ስለ መስጂድ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ገበያ ሜዳ፣ ስለ ውሃ። የመዝናኛ ፓርክ ግን የግል ንብረት ነው። ባለቤቱ ሁለት ዓይነት አገልግሎት በሁለት ዋጋ ሊሸጥ ይችላል፤ የአውቶቡስና የአውሮፕላን ጉዞ ዋጋ እንደሚለያየው ማለት ነው። ተራ ትኬት የቆረጠውም ሁለት ሰልፍ እንዳለ አስቀድሞ ከተነገረው በዚያ ውል ተስማምቶ ገብቷል፤ ሙስሊሞችም በተዋዋሉበት ሸርጥ ይገዛሉ። ስለዚህ በእኛ አረዳድ ማለፊያውን መግዛት በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ የሌላ ሰው ወረፋ መቀማትም አይደለም። «አስቀድሞ ከተነገረው» የምትለዋ ቃል ግን ብዙ ትሸከማለች። የሚጠበቀውን ደቂቃ የሚናገረው ሰሌዳ ሆን ተብሎ ቢቀነስ፣ ወይም ተራው ሰልፍ ሰው እስኪማረር ታስቦ ቢጓተት ነገሩ ወደ ማታለል (ጊሽ) ይገባል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሻጩ ነው።

ሌላው የገረር ጉዳይ ነው። ኢጃራ ውስጥ ዋጋውም ጥቅሙም መታወቅ አለበት። በጂኒ ፕላስ ጊዜ ገዢው ጠዋት የሙሉ ቀን ክፍያ ይከፍላል፤ ስንት መጫወቻ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርሰው ግን ሲከፍል አያውቅም። ሰው በበዛበት ቀን ያሰበውን ሳያገኝ ሊመሽ ይችላል፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል። ይህን ስንወያይበት አንዳንዶቻችን «ቀላል ገረር ነው፣ ይታለፋል» አሉ፤ ሌሎቻችን ልባችን አልረጋም። በሲንግል ፓስ ግን መጫወቻውም ሰዓቱም ዋጋውም ይታወቃል። በአዲሱ መልቲ ፓስም ጎብኚው አስቀድሞ ሦስት መጫወቻ ከነሰዓታቸው መምረጥ ስለቻለ ጥርጣሬው ቀንሷል።

በጣም ያስደነገጠን ግን በ2013 በአሜሪካ ጋዜጦች የወጣው ነው። አንዳንድ ሀብታም ቤተሰቦች አካል ጉዳተኛ ሰው በሰዓት ቀጥረው እንደ ዘመድ ይዘው በመግባት ሰልፍ ያልፉ ነበር። ፓርኩ ለአካል ጉዳተኞች የሰጠው ቅድሚያ በሸሪዓ ቋንቋ የሩኽሳ ዓይነት ነው፤ ዑዝር ላለው ሰው የተሰጠ ማቅለያ። ዑዝር የሌለው ሰው ሲከራየው ውሸት ነው፤ ፓርኩንም ሰልፈኛውንም ማታለል ነው። ዲዝኒ በዚያው ዓመት አሠራሩን ለወጠ፤ በለውጡም የተቸገሩት እውነተኛ ዑዝር ያላቸው ቤተሰቦች ነበሩ። አንድ ሰው በገንዘቡ የገዛው ውሸት ዊልቸር ላይ ላለች ልጅ ቀኗን አከበደባት።

ከዚህ ተነስተን ወደ ራሳችን ብንመለስ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረፋ እንደ ፓርክ አይደለም። በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ የወረፋው ባለቤት ስላልሆነ ሊሸጠው አይችልም፤ ለእሱ በእጅ የሚሰጠው ሪሽዋ (ጉቦ) ነው። እንደ አስቸኳይ ፓስፖርት ያለው በይፋ የተተመነ፣ በደረሰኝ የሚከፈልና ወደ መንግሥት ካዝና የሚገባው ግን ሌላ ነው። ካፌ ሰልፍ ላይ አንዱ ቆሞ ለአምስት ጓደኛ ቦታ መያዙስ? ቦታህን ለወንድምህ ለቀህ አንተ ወደ ኋላ ብትሄድ የሰጠኸው የራስህን ነው። አምስቱ ከፊትህ ሲገቡ ግን ከኋላ የቆሙት ሳይጠየቁ ሐቃቸው ተሰጠ። ፓርኩ ቢያንስ አስቀድሞ ተናግሯል፤ እኛ ለማን ተናገርን?

የቀረው ኢስራፍ ነው። በከፍተኛው ዋጋ አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ ለአንድ ቀን ወረፋ ብቻ 2,245 ዶላር ይከፍላል። ቁጥሩ ብቻውን ሐራም አያደርገውም፤ የከፋዩ አቅምና ሌላ ግዴታው ይታያል። ዘካው ያልወጣ፣ ዕዳው ያልተከፈለ ሰው ግን መጀመሪያ ወደዚያ ይመልከት።

እህታችን ይህን ሁሉ ለአጎቷ ልጆች አድርሳላቸዋለች። ልጆቹ በጣም ለጓጉለት ለአንድ መጫወቻ ብቻ ሲንግል ፓስ ሊገዙ፣ ለቀሪው ከሰዉ ጋር ሊሰለፉ ተስማምተዋል። እኛ ተማሪዎች እንጂ ሙፍቲዎች አይደለንም፤ ስህተት ያያችሁ አርሙን፣ በሚቀጥለው ደርስም ይዛችሁት ኑ። ወላሁ አዕለም።