አዳዲ ማርያም
በአቃቂና በአካባቢዋ የምትኖሩ ምእመናን ሆይ፤ የአባቶቻችንን የፍልፍል ሥራ ለማየት የግድ እስከ ላስታ መሄድ አያሻንም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ናት። ትውፊት ሥራዋን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል፤ ይኸውም ከ800 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ሌላው ሕንፃ የሚቆመው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ ነው፤ ይህች ግን እየተቀነሰ ተሠራች። ስለዚህ ጠራቢው የሳተውን መመለስ፥ እኛም ዝናብ የበላውን አለት መተካት አይቻለንም። በየካ ያለው ፍልፍሉ ዋሻ ሚካኤል ጣሪያውን አጥቷል። አዳዲ ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ታድሳ እስከ ዛሬ ቅዳሴ ይቀደስባታል። እንግዲህ የተረከብናትን በጸሎት ብቻ ሳይሆን፥ የዝናቡን ውሃ ከአለቷ በማራቅም እንጠብቃት።