ያለመግዛት አድማ መቼ ይሠራል?

በዓቢይ ጾም 55 ቀናት በደብረ ማርቆስ ገበያ የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ግን ተመልሶ ይመጣና ዋጋው ይሰቀላል። ጾሙ ለነፍስ እንጂ ነጋዴን ለመቅጣት አይደለም፤ ሆኖም ትምህርት አለው፤ ለጊዜው የታገደ ፍላጎት ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ፣ ቫንኩቨር የተጀመረው «ምንም ያለመግዛት ቀን» ድክመቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ ያልተገዛው ነገ ይገዛል።

በ2006 ዓ.ም. ግን በበደሌ ቢራ ላይ የተጠራው ያለመግዛት ዘመቻ ፋብሪካው ለቴዲ አፍሮ የሙዚቃ ጉዞ የሰጠውን ስፖንሰርነት እንዲተው አድርጎታል። ለጠጪው ሌላ ቢራ ሞልቶለታልና።

ስለዚህ ሸማች ከማደሙ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ምትክ አለ ወይ? ጉዳቱስ በማን ላይ ያርፋል? ቅቤ ገዢ ሲጠፋ የሚከስረው ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ ቅቤዋን ሸጣ ጨውና የልጅ ደብተር የምትገዛው ባላገርም ጭምር እንጂ።