የጁሙዓ ማስታወሻ፦ «ሼር» ከማድረጋችሁ በፊት



ብዙዎቻችሁ አንድ ምስል ልካችሁልኛል፤ ብርቱካናማ ቀለበት፣ መሃሉ ጥቁር። ከሥሩ ቁርኣን ጥቁር ጉድጓድን አስቀድሞ እንደተናገረ ይገልጻል፤ ማስረጃው ከሱረቱ ተክዊር የተወሰደች አንዲት ቃል ናት። «ኡስታዝ፣ እውነት ነው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ አላህ ዕውቀት ይጨምርላችሁ።

ምስሉ እውነት ነው። ኤም 87 የምትባለው ጋላክሲ ከእኛ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። በ1918 እ.ኤ.አ. ሄበር ከርቲስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከመሃሏ ቀጥ ብሎ የወጣ ጨረር አየ፤ ምንነቱን ግን አላወቀም። ዛሬ ጄት ይባላል፤ ርዝመቱ ሺዎች የብርሃን ዓመት ነው። ከጥቁር ጉድጓዱ ውስጥ የወጣ አይደለም፤ ከዚያ የሚመለስ የለም። ወደ እሱ እየተሽከረከረ ከሚወርደው ጋዝ ከፊሉን፣ ድንበሩን ሳያልፍ፣ ብርቱ የማግኔት ኃይል ወደ ውጭ ይወነጭፈዋል። በማግኔቱ መስክ የሚጠማዘዙት ኤሌክትሮኖች የሬዲዮ ሞገድ ይረጫሉ፤ አንቴናዎች የሚይዙት ይህንን ነው። ሱብሓነላህ!

አሁን ልብ በሉ። በ2017 ከሐዋይ እስከ ስፔን፣ ከሜክሲኮ እስከ ቺሊ ያሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች በአንድነት ወደዚያች ጋላክሲ ዞሩ። መረጃው ለኢንተርኔት ስለበዛ በዲስክ ተጭኖ በአውሮፕላን ተጓጓዘ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ ምስሉን ለየብቻ ሠራ። ሲገናኙ ሁሉም ያመጡት ያንኑ ቀለበት ነበር። እንዲህም ሆኖ ለዓለም ያሳዩት በኤፕሪል 2019 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ።

መድረሳ የቀራችሁ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። ሙተዋቲር የምንለው፣ በውሸት ሊስማሙ የማይችሉ ብዙ ሰዎች በየመንገዳቸው ያስተላለፉትን ወሬ አይደል? የሐዲስ ሊቃውንት ለአንዲት ሐዲስ ወራት ተጉዘዋል። እኛስ? በአላህ ቃል ስም የመጣን ጽሑፍ በሦስት ሰከንድ ለመቶ ሰው እንልካለን።

የቀደሙት ሙፈሲሮች ያችን ቃል ከዋክብት ወይም የዱር እንስሳት ብለው ነው የፈሰሯት። «ጥቁር ጉድጓድ ማለት ነው» ብሎ መቁረጥ ያለ ዕውቀት በአላህ ላይ መናገር ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አጋርቼ፣ የፊዚክስ ተማሪ ጓደኛዬ ማስረጃ ሲጠይቀኝ መልስ አጥቻለሁ። ያፈርኩት በቁርኣን አይደለም፤ ያላለውን አለ በማለቴ ነው። ኢማኑን በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ የገነባ ወጣት፣ ጽሑፉ የወደቀ ቀን ምን ይይዛል?

ሰማይን አስተውሉ፣ ተማሩ፣ ከቻላችሁም ተመራማሪ ሁኑ፤ ማስተንተን ዒባዳ ነው። ዛሬ ካህፍ ቀርታችሁ፣ ሰለዋት አብዝታችሁ ስታበቁ፣ በመጨረሻ ያጋራችሁትን ጽሑፍ ክፈቱና «ማን አለ? ከየት አመጣው?» በሉ። ምንጩን ካጣችሁ አጥፉት፤ ለላካችሁለትም ንገሩት።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና እውነተኛ ምላስ ይስጠን። አሚን።