አምስት ዓመቱ ለምን አስፈለገ? ለረጅም ጊዜ የባዮሜዲካል ምርምር ገንዘብ ስለ ማመልከት

በዲፓርትመንታችን ፕሮፖዛል መጻፍ የምንማረው ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ርዕስ እንመርጣለን፣ ናሙና እንሰበስባለን፣ ላብራቶሪ እንገባለን፣ ውጤቱን ጽፈን እንከላከላለን፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ዓመት ቢፈጅ ነው። ታዲያ አንድ መምህር «የአምስት ዓመት ግራንት ልናመለክት ነው» ሲሉን ብዙዎቻችን የምናስበው ያንኑ ሥራ በአምስት ማባዛት ነው። ናሙናው አምስት እጥፍ፣ ገንዘቡም አምስት እጥፍ። ነገርዬው ግን እንደዚያ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ማመልከቻውን ሲያነብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፤ ይህ ሥራ ጊዜውን ለምን ፈለገው? አምስት የተለያዩ የአንድ ዓመት ጥናቶች ሊሰጡን የማይችሉትን ምን ይሰጠናል?

መልሱ ጎልቶ የሚታየው በፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ላይ ነው። ፍራሚንግሃም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በተጀመረው በዚህ ጥናት 5,209 ጎልማሶች ተመዝግበው በየሁለት ዓመቱ እየተጠሩ ይመረመሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የደም ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩን እንደ ጤናማ ነገር የሚቆጥሩ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። አንድ ተመራማሪ ሆስፒታል ሄዶ የልብ ሕመምተኞችን ግፊት ቢለካ፣ ግፊቱ ሕመሙን ያምጣው ወይስ ሕመሙ ግፊቱን መለየት አይችልም። ሰዎቹን ከመታመማቸው በፊት ለክቶ መጠበቅ አለበት፤ መጠበቅ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ከፍተኛ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ለልብ ሕመም የሚያጋልጡ መሆናቸውን ያሳተመው ከአሥር ዓመት በላይ ከጠበቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ጊዜው ራሱ እንደ ማይክሮስኮፕ መሣሪያ ነው። ማይክሮስኮፕ ለምን እንደሚያስፈልገን በፕሮፖዛል እንደምናስረዳ ሁሉ ጊዜውንም ማስረዳት ይገባናል።

ይህን ያህል ውጤት ያስገኘው ፍራሚንግሃም እንኳን ከመዘጋት ለጥቂት ነው የተረፈው። ጥናቱ ሲጀመር የታቀደው ለ20 ዓመት ያህል ነበርና ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ ገንዘቡን የሚሰጠው የመንግሥት አካል ሊያበቃው አሰበ። በመሀል ክፍተቱን የሞላው ከግል ለጋሾች የተሰበሰበ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራው በቦስተን ዩኒቨርሲቲ በኩል ቀጠለ፤ የመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች ልጆችና የልጆቻቸው የትዳር ጓደኞችም ተጨመሩ። የልጆቹ መግባት አዲስ ጥያቄ አመጣ፤ በወላጅ የታየው በልጅ ይደገማል ወይ? ከዚያ በኋላ ሥራውን ለመቀጠል «ብዙ ደክመንበታል» ከማለት የተሻለ ምክንያት ተገኘ።

ከአገራችን የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም መጥቀስ ይቻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በስዊድን ድጋፍ የጀመረው ይህ ሥራ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቢቆም ኖሮ ከተራ ቆጠራ የተለየ ነገር አይሆንም ነበር። ስለቀጠለ ግን ከሕፃናት ሞት እስከ አእምሮ ሕመም ድረስ ለብዙ ጥናቶችና ለበርካታ የዶክትሬት ዲግሪዎች መሠረት ሆነ።

አሁን ወደ ማመልከቻው ልግባ። ለማጥናት የመረጥኩት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በአጭሩ ኤንአይኤች፣ «አር 01» ብሎ የሚጠራውን ነው፤ ምክንያቱም የቆየና የታወቀ ስለሆነ ብዙ ነገር ያስተምራል። አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ይሰጣል። የምርምሩ ዕቅድ ከ12 ገጽ እንዳይበልጥ የተገደበ ሲሆን፣ ከእሱ በፊት አንዲት ገጽ አለች፤ የዝርዝር ዓላማዎች ገጽ ትባላለች። ገምጋሚዎቹ ራሳቸው በሥራ የተጠመዱ ሳይንቲስቶች ናቸው። ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከእኛ ፈተና በተቃራኒ 1 ማለት ምርጥ ነው። በቅድሚያ ነጥባቸው ደካማ የሆኑት፣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሎቹ ማመልከቻዎች፣ ስብሰባው ላይ ለውይይት እንኳን አይቀርቡም። እንግዲህ ያቺ አንድ ገጽ ምን ያህል ሸክም እንደምትሸከም መገመት አያዳግትም።

በዚህች ገጽ ላይ ማመልከቻዎችን በብዛት የሚጥለው ዓላማዎቹ እንደ ሰንሰለት ሲንጠለጠሉ ነው። ለምሳሌ ፖዶኮኒዮሲስን እንውሰድ። በቀይ የሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር ለረጅም ጊዜ በመሄድ የሚመጣ፣ የማይተላለፍ የእግር እብጠት ነው፤ ሰዉ ከሌሎቹ ጋር ደርቦ «ዝሆኔ» ይለዋል። በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ባሕርይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ የታተመ ጥናትም ከበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ጂኖች ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። አንድ ተማሪ ቢሆን እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦ አንደኛ፣ በደም ውስጥ የበሽታውን ቅድመ ምልክት የሚያሳይ ፕሮቲን አገኛለሁ፤ ሁለተኛ፣ የዚያን ፕሮቲን አሠራር አጠናለሁ፤ ሦስተኛ፣ በፕሮቲኑ የሚሠራ መመርመሪያ አዘጋጃለሁ። ሲያዩት ያምራል። ግን ፕሮቲኑ ባይገኝስ? ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዓላማ አብሮ ይሞታል፤ አራት ዓመትና የአራት ዓመት ገንዘብ ባዶ ይቀራል። ገምጋሚውም ከዚህ በላይ አያነብም።

ያንኑ ሐሳብ በሌላ መንገድ ማዋቀር ይቻላል። ታማሚ ወላጅ ያላቸውን ነገር ግን እነሱ ገና ያልታመሙ ልጆች መዝግቦ ለአምስት ዓመት መከታተል አንደኛው ዓላማ ይሁን፤ በሽታው ሲጀምር እግር ላይ መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ከእነዚሁ ልጆች በየዓመቱ በሚወሰድ ደም ላይ የሚታመሙትና የማይታመሙት የሚለዩበትን መፈለግ ይሁን። ሦስተኛው፣ የጫማ አጠቃቀማቸውንና የአፈሩን ዓይነት መመዝገብ ይሁን። ደሙ ምንም ባያሳይ እንኳን ክትትሉና የጫማው መረጃ ለብቻቸው ይቆማሉ። ልጆቹን ከመታመማቸው በፊት ስለምናገኛቸው አምስት ዓመቱ ለምን እንዳስፈለገም ማንም አይጠይቀንም። (ጫማ በሽታውን እንደሚከላከል እየታወቀ ልጆቹን ዝም ብሎ ማየት በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አያልፍም፤ ጫማና የእግር ንጽሕና ትምህርት መስጠት የዕቅዱ አካል መሆን አለበት፤ በጀቱም ውስጥ ይግባ።)

ስለ በጀት ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን ልጥቀስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተፈቀደ የአምስት ዓመት በጀት ያለው ሰው የሪኤጀንት ዋጋ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። የመጠባበቂያ ጄነሬተርና ነዳጅም እንዲሁ ነው፤ አምስት ዓመት የሚቀመጥ ናሙና ያለው ሰው መብራት ሲጠፋ ዲፕ ፍሪዘሩን በምን እንደሚያቆይ ካልጻፈ፣ ስለ ቀሪው ዕቅድ ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ግምገማው ራሱ እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። ካታሊን ካሪኮ በ1990ዎቹ በሜሴንጀር አርኤንኤ ላይ ለመሥራት ደጋግማ አመልክታ ገንዘብ አላገኘችም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በምትሠራበት በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ከደረጃዋ ዝቅ ተደረገች። በ2005 ከድሩ ዋይስማን ጋር ያሳተመችው ሥራ ለኮቪድ ክትባት መሠረት ሆኖ በ2023 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ችግሩ ያለው ገምጋሚዎች «ቅድመ ውጤት» ስለሚጠይቁ ነው፤ ቅድመ ውጤት ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሃዋርድ ሂውዝ የሕክምና ተቋም ለዚህ ሲባል በፕሮጀክት ፈንታ ሰውን እደግፋለሁ ይላል፤ ዘመኑም ሰባት ዓመት ነው። ፒየር አዙሌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በዚህ መንገድ የተደገፉት ተመሳሳይ ብቃት ካላቸው የኤንአይኤች ተደጋፊዎች ይልቅ ብዙ የሚጠቀሱ ሥራዎችን አውጥተዋል፤ ሳይሳካላቸው የቀረውም ሥራ የበዛው በእነሱ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። ለእኛ ዓይነት ገና ስም ላልተተከለለት ተማሪ ግን ሰውን አይቶ የሚሰጥ ገንዘብ የሚጠቅም አይመስለኝም፤ የሚያዩት የቀደመ ሥራን ነውና። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፋችንን እንደ ቅድመ ውጤት ማየት አለብን። ናሙናዎቹ በአግባቡ ተሰይመው፣ የተሳታፊዎቹ ፈቃድ ለወደፊት ጥናትም እንዲሆን ተጠይቆ ከተቀመጡ፣ የማመልከቻው የመጀመሪያ አንቀጽ ዛሬውኑ እየተጻፈ ነው ማለት ነው።

ሌላው፣ ተፈቀደ ማለት ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ኤንአይኤች በርካታ የተፈቀዱ ግራንቶችን መሀል ላይ አቋረጠ፤ ዩኤስኤአይዲም በዚያው ዓመት ሥራውን አቆመ። ስለዚህ ሥራው በሁለተኛው ዓመት ቢቋረጥ መዝገቡ፣ ናሙናውና የሠለጠነው ሰው በማን እጅ እንደሚቆዩ በማመልከቻው ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ተቋሙ ከአሁኑ የሚፈርምበት ደብዳቤ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው።

በመጨረሻ የማደሻውን ነገር ላንሳ። የአምስት ዓመት ገንዘብ እንዳይቋረጥ የማደሻ ማመልከቻው በአራተኛው ዓመት መግባት አለበት፤ ያኔ ገምጋሚዎቹ የሚያዩት በሦስት ዓመት የወጣውን ብቻ ነው። በፖዶኮኒዮሲሱ ምሳሌ ልጆቹ እስከዚያ ላይታመሙ ይችላሉ። እኔ ብሆን የጫማውንና የአፈሩን መረጃ በመጀመሪያው ዓመት ጨርሼ በሁለተኛው ለኅትመት እልከው ነበር፤ የደሙን ሥራ ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውና የሦስተኛው ዓመት ናሙና ጎን ለጎን እስኪገኝ አቆየዋለሁ።