በሚቆራረጥ ኔትወርክ ላይ የተከታታይ ውህደት ሰርቨር አተካከል፦ የይጁቤና የደብረ ማርቆስ አካባቢ እንደ ማሳያ

መግቢያ

ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ በጤና ተቋም ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ሶፍትዌር አዲስ እትም ተጭኖለት ቢበላሽ፣ አራሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ ነው። ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን ከሩቅ ማረም አይቻልም፤ ሠራተኛው ወደ ወረቀት መዝገብ ይመለሳል፤ አለዚያም የተሳሳተው ቁጥር ሳይታወቅ በሪፖርት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ስህተቱ ሶፍትዌሩ ከተሠራበት ቦታ ሳይወጣ መያዝ ይኖርበታል።

ይህን ተግባር የሚያከናውነው የተከታታይ ውህደት ሰርቨር ነው። ፕሮግራመሮች የሚያስገቡትን እያንዳንዱን የኮድ ለውጥ ተቀብሎ ይገነባል፣ ይፈትሻል፣ ውጤቱንም ያሳውቃል። ይህ ጽሑፍ በሰፊው የታወቀውን ጄንኪንስን መሠረት አድርጎ፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ሰርቨሩ የሚመገብባቸው ማከማቻዎች ጭምር በቅርብ ካልተተከሉ ተከላው ሙሉ እንደማይሆን ያስረዳል።

የቀይ ምልክት ትርጉም

ጄንኪንስ በኮህሱኬ ካዋጉቺ «ሀድሰን» በሚል ስም በሰን ማይክሮሲስተምስ የተጀመረ ሲሆን፣ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አሠራሩ በአንድ ስምምነት ላይ የቆመ ነው፦ ቀይ ምልክት ከታየ ኮዱ ተበላሽቷል፤ ሥራ ቆሞ ይታረማል።

ሆኖም አንድ ግንባታ በተካሄደ ቁጥር የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ከውጭ አገር የሚያወርድ ከሆነ፣ መስመሩ ሲቋረጥም ያው ቀይ ምልክት ይታያል። የኮድ ስህተትና የመስመር መቋረጥ አንድ ዓይነት መልክ ሲይዙ ፕሮግራመሩ «ኔትወርኩ ነው» እያለ ማለፍ ይለምዳል፤ በዚያ ልማድ ውስጥ እውነተኛው ስህተት አብሮ ያልፋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሲታሰብ፣ ፍተሻን ሙሉ በሙሉ በውጭ አገር የክላውድ አገልግሎት ላይ ማሳረፍ አስተማማኝ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

የተከላው ቅደም ተከተል

የጄንኪንስ ሰነድ ለአነስተኛ ቡድን ከ4 ጊጋባይት ያላነሰ ሜሞሪና ከ50 ጊጋባይት ያላነሰ ዲስክ ይመክራል። ከእትሙ ጋር የሚስማማው ጃቫ ቀድሞ ይጫናል። ከዚያም ሰርቨሩ በፖርት 8080 ላይ ይከፈታል፤ የመጀመሪያው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም በጄንኪንስ ፎልደር ውስጥ በሚገኝ ፋይል ተጽፎ ይገኛል።

ኢንተርኔት ከሌለ የማዋቀሪያው ገጽ ይህንኑ ተገንዝቦ ፕለጊን ሳይጫን ለማለፍ ይፈቅዳል። ፕለጊኖቹ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ወርደው በፍላሽ ሊመጡ ይችላሉ። ነገር ግን አንዱ ፕለጊን በሌላው ላይ ስለሚደገፍ፣ አንዱ ቢጎድል ሌላው አይነሣም። ተደጋጋፊዎቹን አሟልቶ የሚያወርደውን የጄንኪንስ የፕለጊን መጫኛ መሣሪያ መጠቀም ይህን ችግር ያስቀራል።

ቀጥሎ የጊት ማከማቻው በግቢው ኔትወርክ ውስጥ ይቀመጣል። ላይብረሪዎችም እንደ ኔክሰስ ባለ የቅርብ ማከማቻ በኩል እንዲያልፉ ይደረጋል፤ አንድ ጊዜ የወረደ ዳግመኛ ከውጭ አይጠየቅም። የእያንዳንዱ ላይብረሪ እትም በቁጥር ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ «የቅርብ ጊዜውን አምጣ» የሚል ትእዛዝ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይመለከታልና። የተከላው መጠናቀቅ የሚረጋገጠውም በቀላል ፈተና ነው፦ ወደ ውጭ የሚወስደው ኬብል ተነቅሎ፣ ግንባታው ከባዶ ፎልደር ተጀምሮ ካለፈ ሰርቨሩ ራሱን ችሏል።

መብራትና ሰዓት

ጄንኪንስ ፓይፕላይን በነባሪ አሠራሩ እያንዳንዱን እርምጃ በዲስክ ላይ ስለሚመዘግብ፣ መብራት በድንገት ቢጠፋ ሥራውን ከተቋረጠበት ለመቀጠል ይሞክራል። ለፍጥነት ተብሎ የሚመረጠው ሌላው አሠራር ግን ምዝገባውን ስለሚቀንስ በሂደት ላይ ያለው ሥራ ሊጠፋ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ነባሪውን መተው አይገባም።

የማዘርቦርዱ ባትሪ ከደከመ፣ መብራት ሲመለስ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የደኅንነት ሰርቲፊኬቶች «ገና ያልጸኑ» መስለው ይታያሉ፤ ግንባታውም ኮዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይወድቃል። በግቢው ውስጥ የሰዓት ሰርቨር ማቆም መፍትሔ ነው። በጊዜ ሠሌዳው ላይ 2 ተብሎ የተጻፈው ሰዓት፣ ሰርቨሩ በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል ከተዋቀረ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ምን ይፈተሽ?

ሰርቨሩ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በጤና ሚኒስቴር ሥራ ላይ የዋለው ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይደግፋል፤ በአገር ውስጥ የሚጻፉ ፕሮግራሞች ግን ይህን ስሌት ራሳቸው ሊያካሂዱ ይችላሉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ትክክለኛ ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ግን የለም። የ2016 መስከረም 1 በጎርጎርዮሳዊው መስከረም 12 ቀን 2023 ሲውል፣ የ2017ቱ መስከረም 11 ቀን 2024 ውሏል። እነዚህ አራት ቀናት በፍተሻው ውስጥ ቢገቡ፣ በዓመት መለወጫ ሰሞን ብቻ ብቅ የሚል ስህተት ከወራት አስቀድሞ ይያዛል። እንዲሁም «ሐኪም» ተብሎ የተመዘገበ ቃል «ሀኪም» ተብሎ ሲፈለግ መገኘቱ ሊፈተሽ ይገባል።

ማጠቃለያ

በዩኒቨርሲቲ የሚተከል ሰርቨር የተለየ አደጋ አለበት፤ ተካዩ ተመራቂ ተማሪ ከሆነ፣ ሲመረቅ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የሰርቨሩ ውቅርና የፓይፕላይኑ ትእዛዝ በፋይል ተጽፈው ከኮዱ ጋር በጊት ሊቀመጡ፣ የጄንኪንስ ፎልደርም በሌላ ዲስክ ላይ በየጊዜው ሊገለበጥ ይገባል። ተተኪው ሰርቨሩን ከእነዚህ ፋይሎች ዳግመኛ ማቆም ከቻለ ርክክቡ ተፈጽሟል። ያን ጊዜ ወደ ይጁቤ የሚላከው እትም ኔትወርክ ኖረም አልኖረ ተፈትሾ ይወጣል።